ለእድሳት የሚሸጥ መኪና ቀለም አይቀባም

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በየግቢው ጥግና በየጋራዡ አጥር ሥር የቆመ አሮጌ መኪና ማየት ብርቅ አይደለም። ዶሮ የሚሰፍርበት ቮልስዋገን፣ ጎማው አፈር ውስጥ የሰመጠ ላንድሮቨር፣ ኮፈኑ እንደተከፈተ የቀረ ፊያት 1100 ወይም ፔዥ 404። እንዲህ ያለው መኪና ለረጅም ጊዜ የሚተመነው በኪሎ ነበር፤ በሩን የሚያንኳኳውም ቁራሌው ነበር።

ሒሳቡን የቀየሩት ተከታትለው የመጡ ሦስት ነገሮች ናቸው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ። በጥር 2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ብር ወዲያው ወረደ። አገር ውስጥ ያለ የቤንዚን መኪና ሁሉ፣ የቆመው ጭምር፣ በአዲስ ዓይን መታየት ጀመረ።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ባለመኪናው ፈላጊ እንዳለ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያደርገው ቀለም ቀቢ መጥራት ነው። ሁለተኛ የሚያደርገው ሞተሩን ማውረድ ነው። ሁለቱም ገንዘብ ያስወጡታል፤ ሁለቱም የመኪናውን ዋጋ ይቀንሱበታል። ለእድሳት የሚሸጥ መኪና ሌላ ዓይነት ሸቀጥ ነው፤ ገዢው የሚከፍለው ለሙሉነቱ፣ ለሰነዱና ለማይዋሽ ብረቱ ነው። የሚያብረቀርቅ ከፈለገማ የታደሰውን ይገዛ ነበር።

የሚመጣው ገዢ ማን ነው?

አንድ ዓይነት ገዢ ብቻ የለም፤ ሻጩ ማንን እየጠበቀ እንደሆነ ካላወቀ ዋጋም ንግግርም ይበላሽበታል። በርካሽ መጓጓዣ የሚፈልግ ሰው አለ፤ ለእሱ 50 ዓመት የሞላው መኪና አይሆነውም፤ ገዝቶ በሁለተኛው ወር ተመልሶ ይጨቃጨቃል። ዕቃ በታቾች አሉ፤ መሪውን፣ ካምቢዮውንና መስተዋቶቹን ለየብቻ ቸርችረው ቀሪውን ለብረት ይሸጡታል፤ የሚሰጡትም ከሁሉ ያነሰ ነው። አዳሾች አሉ፤ አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘው የሚመጡ፣ መኪናውን ለራሳቸው ወይም ለሰርግ ኪራይ የሚያዘጋጁ ናቸው። ሻጩ ሊጠብቅ የሚገባው እነዚህን ነው።

አራተኛው ዓይነት አደገኛ ነው። መኪናውን ብዙም ሳያይ ስለ ሊብሬውና ስለ ሰሌዳው ብቻ የሚጠይቅ፣ አንዳንዴም «መኪናው ይቅርብኝ፣ ወረቀቱን ብቻ ስጠኝ» የሚል። ይህ ሰው የሚፈልገው ሰነድ የሌለው ሌላ መኪና የሚያለብስበት ወረቀት ነው። ሊብሬን ከመኪናው ነጥሎ መሸጥ ወንጀል ውስጥ መግባት ነው፤ ያ መኪና ነገ ሰው ቢገጭ ወይም የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ መዝገቡ የሚያወጣው የሻጩን ስም ነው። ምንም ያህል ቢሰጥ በሩ ሊዘጋበት ይገባል።

ዋጋ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሰላው

ሻጭ ብዙውን ጊዜ ዋጋ የሚጠራው ከታች ጀምሮ ነው፤ ጎረቤት ስንት እንደሸጠ፣ እሱ ስንት እንዳወጣበት። አዳሽ የሚያሰላው ከላይ ጀምሮ ነው። ያው ዓይነት መኪና ታድሶ ሲያልቅ 100 ይሸጣል እንበል፤ ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ለላሜራና ብየዳ 25፣ ለቀለም 12፣ ለሞተርና ካምቢዮ 15፣ ለመስተዋት፣ ለጎሚኒ (ለበርና ለመስተዋት ላስቲክ)፣ ለወንበርና ለጌጥ 15፣ ለፍሬን፣ ለጎማና ለኤሌክትሪክ 10 ቢቀነስ 23 ይቀራል። ያልታሰበ ነገር ሁልጊዜ ስለሚመጣ 10 ይይዛል። ለሻጩ የሚደርሰው 13 ነው።

ከዚህ ስሌት የሚታየው ሞተሩ ከነካምቢዮው ከ77ቱ የእድሳት ወጪ 15 ብቻ መውሰዱ ነው። ስለዚህ «ሞተሩ ይነሳል» የሚለው ቃል ሻጩ የሚያስበውን ያህል ዋጋ አያመጣም። ወለሉና የበሩ ሥር ጤነኛ ሆነው የላሜራው ወጪ ከ25 ወደ 10 ቢወርድ ግን የሻጩ 13 ወደ 28 ይወጣል። ዕጥፍ አለፈ። ጌጦቹ፣ የመብራት መስተዋቶቹ፣ የበር እጀታዎቹ፣ የዳሽቦርዱ ሰዓቶችና ቸርኬዎቹ በቦታቸው ካሉም እንዲሁ ነው። የቮልስዋገን ፒስተን ዛሬም አዲስ ይገኛል፤ መኪናው ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለተመረተ የሞተር ዕቃ ብርቅ አይደለም። ብርቁ የ1950ዎቹ የኋላ መብራት ክዳን ነው። ፈትቶ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠው ሰው ሳጥኑን መፈለግ አለበት፤ ያ ሳጥን ከአንድ ሞተር እድሳት ይበልጣል።

የተፈታታ መኪና ዋጋው የሚወርደውም ለዚሁ ነው። ገዢው የጎደለውን መቁጠር አይችልም፤ መቁጠር ያልቻለውን ሁሉ እንደጠፋ ይወስደዋል። ቀድሞ የተፈታ ከሆነ እያንዳንዱን ቡሎን ከነዳዶው በየከረጢቱ ለይቶ ከየት እንደወጣ መጻፍ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው፤ ከዚያ በተረፈ ግን የተሰበሰበ መኪና አይፈታ።

ቀለምና ስቱኮ

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት እንምጣ። የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው፦ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ላይ ላዩን ይፋቃል፣ ቀዳዳው በጨርቅ ወይም በቀጭን ላሜራ ይደፈናል፣ ስቱኮ ይለሰናል፣ ይስተካከላል፣ ቀለም ይረጫል። ለሦስት ወር ያምራል። በሐምሌና በነሐሴ የደሴ ዝናብ ሲመጣ ግን ስቱኮው ውሃ ይመጥጣል። ከላይ ቀለሙ ስለዘጋው እርጥበቱ የሚወጣበት የለም፤ ብረቱ ከውስጥ በኩል ይበላል። በመስከረም ቀለሙ ፊኛ ያወጣል፤ ፊኛው ሲነካ ሥሩ የሻይ ቅጠል የመሰለ ዱቄት ነው። ቀለም ከመቀባቱ በፊት በእጅ መዳፍ ልክ የነበረው ቀዳዳ አሁን የአንድ ክንድ ሆኗል።

አዳሹ ይህን ያውቃል። ኪሱ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ይይዛል። የፋብሪካ ቀለም ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ግድም ስለሆነ ማግኔቱ ብረቱን አጥብቆ ይይዛል፤ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ስቱኮ ካለ ግን ይንሸራተታል ወይም ይወድቃል። ፓራፋንጎው (የጎማው መከለያ ክንፍ) ላይ አንድ ጊዜ ከወደቀ ገዢው መኪናው በሙሉ ተለስኗል ብሎ ይገምታል፤ በእሱ ቦታ ያለ ማንም እንዲሁ ያደርጋል። በግልጽ የሚታይ ዝገት መጠኑ ይታወቃል፤ የተሸፈነው ግን ስላልታወቀ በከፋው ይተመናል። ሻጩ ለቀለም የከፈለው ገንዘብ በዚህ መንገድ ከራሱ ዋጋ ላይ ሁለተኛ ይቀነሳል። አዳሹም ያን አዲስ ቀለም እንደገና የማስላጫ ወጪ አለበት።

ታዲያ ምን ይደረግ? መታጠብ ብቻ። በዝቅተኛ ግፊት ውሃ፣ በሳሙና፣ ከዚያ በፀሐይ በሮቹ ሁሉ ተከፍተው ሙሉ ቀን መድረቅ። ወለሉ ላይ ያለው ምንጣፍ ተነስቶ ይጣላል፤ እርጥበት የሚይዘው እሱ ነው። የወንበሩ ሙሌት ውስጥ አይጥ ካለች ትውጣ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ የምትበላው እሷ ናት። የላስቲክ ሸራ በቀጥታ መኪናው ላይ ማልበስም ይቅር፤ ደሴ ቀን ሞቆ ሌሊት ስለሚበርድ ከሸራው ሥር ጤዛ ይቋጠራል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ተሠርቶለት ጎኑ ቢከፈት ይሻላል። አራቱም ጎማ ሥር ጣውላ ቢገባ አፈሩ እርጥበት አያቀብለውም።

ብረቱ የት ይበላል?

ሻጩ ራሱ ቀድሞ ማየት ያለበት ቦታ እንደ መኪናው ይለያያል። ቮልስዋገን ላይ ከበሩ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ባዶ የላሜራ ሳጥን የማሞቂያ አየር የሚያልፍበት ብቻ ሳይሆን ቦዲውን ከወለሉ ጋር የሚያስረው ወገብ ነው። በሩን ከፍቶ ሥሩን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ማድረግ ይበቃል፤ ጤነኛው ይጮኻል፣ የተበላው ደብ ይላል። ሌላ ፈተና፦ መኪናው በራሱ የክሪክ ቦታ ከፍ ሲል በሩ መዝጋት እምቢ ካለ ወገቡ አልቋል። ሁለተኛው ቦታ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ያለው የባትሪ ማስቀመጫ ነው፤ የባትሪ አሲድ ለዓመታት ስለሚንጠባጠብበት ወለሉ ወንፊት ይሆናል። ሦስተኛው ከፊት ኮፈን ውስጥ የትርፍ ጎማው ጉድጓድ፣ ከዚያም መሪውና የፊት እግሩ የሚታሰሩበት የሻንሲው ግንባር ነው። የመጨረሻው ከተበላ ቦዲው መነሳት ስላለበት በዋጋው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትልቅ ነው፤ ሳይደበቅ ይነገር።

ላንድሮቨር ሰውን ያታልላል። ቦዲው አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም፤ ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ ከኋላ መጨረሻው ላይ ያለው አግዳሚና ከሻንሲው ወደ ጎን የሚወጡት ክንፎች ከውስጥ በጭቃ ይበላሉ። ላዩ ያማረ ላንድሮቨር ሥሩ በመዶሻ ካልተመታ አይታወቅም። በአሰብ መንገድ ዓመታት የሠራ መኪና ከሆነ የባሕር ጨው ያገኘው ስለሚሆን ይበልጥ ይፈተሽ። ፊያት 600 ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በውሃ የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ሞቆ ተጣሞ እንደሆነ ማየት ነው፤ የዘይት መጨመሪያ ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ካለ ውሃ ዘይት ውስጥ ገብቷል። ፔዥ 404 ዲፈረንሻሉ ከሌሎች መኪኖች የተለየ በመሆኑ ዕቃው አይገኝም፤ የዘይት ፍሳሽና ድምፅ ካለው ይነገር።

የቆመን ሞተር መቀስቀስ

ሞተሩ ባይነሳም መኪናው ይሸጣል። በእጅ የሚዞር ሞተርና የተቆለፈ ሞተር ግን በዋጋ ይለያያሉ። ትልቁ ስህተት አዲስ ባትሪ ገዝቶ ወዲያው ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ማሠራት ነው። ዓመታት በቆመ ሞተር ውስጥ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ሲሊንደሩ ላይ በስሱ ዝጎ ይጣበቃል፤ በጉልበት ሲዞር ይሰበራል፣ የሲሊንደሩንም ግድግዳ ይቧጭራል፤ ሪቲፊካ (ሲሊንደሩን በማሽን ማስላግ) የማያስፈልገው ሞተር ሪቲፊካ ይፈልጋል።

ትክክለኛው መንገድ ትዕግሥት ነው። ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፤ በየሲሊንደሩ 10 ሚሊ ሊትር ያህል የካምቢዮ ዘይት ከናፍጣ ጋር ተደባልቆ ይገባል፤ 2 ቀን ይቆያል። ከዚያ በቁልፍ፣ ቮልስዋገን ላይ ከታች ባለው ፑሊ በ30 ቁጥር፣ ወዲያና ወዲህ በቀስታ ይሞከራል። እምቢ ካለ እንደገና ዘይት ጨምሮ መጠበቅ እንጂ ቁልፉን በቱቦ አስረዝመው አይታገሉትም። ሁለት ሙሉ ዙር ከዞረ የቆየው ዘይት ይለወጣል፤ ቮልስዋገን 2.5 ሊትር ይይዛል። ካንዴላ ሳይገባ ሞተሪኖው የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ይሽከረከራል። ፑንቲናው (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መገናኛ) ይጠረግና 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ካንዴላው 0.7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል።

ሰልባቲዮው (የነዳጅ ታንኩ) ውስጥ የቆየው ቤንዚን የቫርኒሽ ሽታ ካለው አይነካ፤ ካርቡራቶሩን ይደፍናል። አንድ ሊትር ንጹሕ ቤንዚን በጠርሙስ ከፍ ብሎ ታስሮ በአዲስ ቱቦ ይገባል። የቤንዚን ቱቦዎቹ በጨርቅ የተለበጡት የድሮዎቹ ከሆኑ ሳይለወጡ ሞተሩ አይነሳ። የቮልስዋገን የሞተር ቤት የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ አንዴ ከተቀጣጠለ ውሃ ያባብሰዋል፤ ደረቅ አሸዋ አጠገቡ መኖር አለበት። ሌላም፦ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ክዳን ሳይኖረው ከተቀመጠ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ራስ ነክቶ እሳት ያስነሳል። ገዢ ሲመጣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ከኋላ ይቀመጥ የሚለው ልማድ ለዚህ መኪና አይሆንም።

ከፍታው የሚያመጣው ስህተት

ይህ ክፍል ሻጮችን በእርግጥ የሚጎዳ ነገር ስለያዘ ሰፋ አድርገን እናየዋለን። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። የአየሩ ግፊት ደሴ ላይ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ ኮምቦልቻ ላይ በአንድ አምስተኛ ያህል። ሞተር የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ስለሆነ የመጭመቂያ መለኪያው ንባብም በዚያው መጠን ይወርዳል። የፋብሪካው መጽሐፍ 8 ባር የሚለው ጤነኛ ሞተር ደሴ ላይ 6 ባር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ 6.4 ባር ገደማ ያሳያል። ይህን ያላወቀ መካኒክ መጽሐፉን ከፍቶ «ፋሻው አልቋል» ይላል፤ ገዢውም ዋጋ ያስቀንሳል።

ስለዚህ ልኬቱ ከቦታው ጋር ይጻፍ፤ «ደሴ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ካርቡራቶሩ ሙሉ ተከፍቶ፣ 5.9፣ 6.0፣ 5.8፣ 4.1» ተብሎ። እዚህ ላይ የሚናገረው ቁጥሩ ራሱ ሳይሆን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አራተኛው ከሩብ በላይ ካነሰ ችግሩ እዚያ ነው። በዚያ ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ ዘይት ተጨምሮ እንደገና ሲለካ ንባቡ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቮላ (ቫልቭ) ነው። ቮልስዋገን ላይ ሦስተኛው ሲሊንደር በሙቀት ቀድሞ የሚጎዳ ስለሆነ ዝቅ ቢል አያስገርምም።

ካንዴላ ጥቁር መሆኑም እንዲሁ ያሳስታል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደሴ ላይ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጥቁር ጭስ ያወጣል። ደረቅ ጥቀርሻ የቤንዚን መብዛት ነው፤ እርጥብና ዘይት የለበሰ ጥቁር ግን የፋሻ ወይም የቫልቮላ መምሪያ ድካም ነው። ሁለቱን በጣት ዳብሶ መለየት ይቻላል፤ ሻጩም ለይቶ መናገር አለበት።

ለቮልስዋገን አንድ ልኬት ብቻ ይጨመር። ታችኛውን ፑሊ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋትና መሳብ። አዲስ ሞተር ላይ እንቅስቃሴው 0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በእጅ አይሰማም ማለት ይቻላል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ የክራንክ ሻፍቱ መቀመጫ አልቋል፤ ሞተሩ ቢነሳም የሚታደስ ሞተር ነው። የሚያውቅ ገዢ ኮፈኑ እንደተከፈተ እጁን የሚሰድደው ወደዚሁ ፑሊ ነው።

ሊብሬው

በደሴና በኮምቦልቻ ለእድሳት የሚሆኑ መኪኖች ሳይሸጡ የሚቀሩበት ትልቁ ምክንያት ዝገት አይደለም፤ ወረቀት ነው። መኪናው የአባት ነው፤ አባት አልፈዋል። ሊብሬው በእሳቸው ስም ነው፤ ወይም እሳቸውም በውክልና የገዙት ሆኖ በሌላ ሰው ስም ነው። የውክልና ነገር በደንብ መታወቅ አለበት፦ በሕጋችን ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመርሕ ደረጃ ይቋረጣል። ከ20 ዓመት በፊት የተሰጠ ውክልና ይዞ «ሙሉ መብት አለኝ» የሚል ሻጭ ወካዩ በሕይወት ካልኖሩ እጁ ላይ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። መንገዱ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት፣ ወራሾቹ ሁሉ መስማማታቸውን በጽሑፍ ማድረግ፣ ከዚያ ስመ ንብረቱን ማዞር ነው። ይህ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ከማስታወቂያው በፊት ይጀመር። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት ከሆነም የባልም የሚስትም ፊርማ ያስፈልጋል።

በ2014 ዓ.ም ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ በተያዙ ጊዜ ሰነድ የጠፋበት ቤተሰብ ካለ ምትክ ሊብሬ ማውጣት የሻጩ ሥራ ነው እንጂ ለገዢው የሚተላለፍ አይደለም። ገዢ ከአዲስ አበባ ተመላልሶ የደሴን መዝገብ አያስፈትሽም፤ ዋጋውን ቀንሶ ወይም ትቶ ይሄዳል። ቦሎ ያልታደሰባቸው ዓመታት ካሉ ምን ያህል ክፍያ እንደተጠራቀመ ከመንገድ ትራንስፖርት ጠይቆ ማወቅ፣ ባንክ ወይም ፍርድ ቤት ያስያዘው ዕግድ አለመኖሩንም ማረጋገጥ ይገባል።

ቀጥሎ ቁጥሮቹ ከመኪናው ጋር ይመሳከራሉ። የቮልስዋገን የሻንሲ ቁጥር የሚገኘው የኋላ ወንበሩ ተነስቶ በመካከለኛው የወለል ጉብታ ላይ ነው፤ የሞተር ቁጥሩ ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1965 ሞዴል ጀምሮ የሻንሲው ሦስተኛ አሃዝ ዓመቱን ይናገራል፤ በ118 የሚጀምር የ1968 ሞዴል ነው። ሊብሬው ላይ ሌላ ዓመት ተጽፎ ቢገኝ ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም፤ የፋብሪካው ሞዴል ዓመት ከነሐሴ ስለሚጀምርና የዘመን አቆጣጠራችንም ስለሚለይ መደናገር ይኖራል። የሞተር ቁጥር አለመመሳሰል ግን ከባድ ነው። ሞተር በሁለት ሰዓት የሚወርድ መኪና በመሆኑ በ50 ዓመት ውስጥ የተለወጠበት ብዙ ነው፤ የተለወጠው ሞተር ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ስም ሲዛወር ምርመራው ላይ ይቆማል።

እነዚህን ቁጥሮች በአሸዋ ወረቀት መፋቅ፣ በመፋቂያ ድንጋይ መንካት፣ ቀለም መቀባት ፈጽሞ አይገባም፤ የተፋቀ የሻንሲ ቁጥር መኪናውን ሌብነት ያስጠረጥረዋል። በነጭ ጋዝ የተነከረ ጨርቅና የጥርስ ብሩሽ ይበቃል፤ ከዚያ ጠመኔ ተዳብሶበት ፎቶ ይነሳ።

ፎቶና ማስታወቂያ

በጠዋት ብርሃን፣ መኪናው ከሸራው ወጥቶ። አራቱም ጎን፣ ወለሉ ከላይና ከሥር፣ የባትሪው ቦታ፣ የትርፍ ጎማው ጉድጓድ፣ የበሩ ሥር፣ ሞተሩ፣ ዳሽቦርዱ፣ ከጎኑም የተፈቱት ዕቃዎች ሸራ ላይ ተዘርግተው። በጣም የተበላው ቦታ አጠገቡ እስክሪብቶ ተቀምጦ በቅርብ ይነሳ። ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ የጎደሉት ዕቃዎች በስማቸው ይዘርዘሩ። «ትንሽ ሥራ ብቻ የሚቀረው» የሚለው አነጋገር ይቅር፤ ከአዲስ አበባ ድረስ ተጉዞ የመጣ ሰው ያልተነገረውን ጉድለት ሲያይ ንዴቱ ያልተነገረው ላይ ብቻ አይቀርም፤ የተነገረውንም ማመን ያቆማል። የሻንሲና የሞተር ቁጥር ሙሉው በአደባባይ አይለጠፍ፤ ለእውነተኛ ገዢ በግል ይታይ።

ከግቢ ወጥቶ እስኪሄድ

መኪናው ሞተሩ ቢነሳም በራሱ አይነዳ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው የሐረጎ ቁልቁለት በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። የቆመ መኪና የፍሬን ዘይት ለዓመታት እርጥበት ሲመጥጥ ስለኖረ ታምቡሩ ሲሞቅ ይፈላል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ መኪናው አይቆምም። በገመድ መጎተትም ለዚህ መንገድ አይሆንም፤ ተጎታቹም ፍሬን ይፈልጋል።

አይሱዙ ላይ መጫን ነው። ቮልስዋገን 800 ኪሎ ገደማ ነው። የጭነት መኪናው ወለል ከአፈር ጠርዝ ጋር ትክክል የሚሆንበት ቦታ ከተገኘ ስድስት ሰው ገፍቶ ያገባዋል። ጎማው አልዞር ካለ በጉልበት አይጎተት፤ የፍሬኑ ማስተካከያ ወደ ኋላ ተፈትቶ ታምቡሩ በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ይመታ። ባትሪው ይነቀል፣ ቤንዚኑ ይቀዳ። ገመዱ የሚያዘው ከቸርኬው ወይም ከእግሩ ነው፤ በፓራውልቱ (በግጭት መከላከያ ብረቱ) የታሰረ መኪና ጣርማ በር ሳይደርስ ፓራውልቱን ጥሎ ይንቀሳቀሳል። በየጎማው ፊትና ኋላ እንጨት ይሰካ። የጭነቱን ወጪ ማን እንደሚችል፣ መንገድ ላይ ጉዳት ቢደርስ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ከመጫኑ በፊት በውሉ ላይ ይጻፍ።

ውሉ ላይ ከዋጋውና ከቁጥሮቹ ሌላ የሚታወቁት ጉድለቶች ዝርዝር መግባት አለበት፤ ወለሉ የተበላው፣ ሁለተኛ ማርሹ የሚወጣው፣ የጎደለው መስተዋት። «ባለበት ሁኔታ ተሽጧል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ሻጩን አያድነውም፤ እያወቀ የደበቀውን ጉድለት ሕጉ አይሸፍንለትም። በገዢው ፊርማ የተረጋገጠ የጉድለት ዝርዝር ግን ነገ ለሚመጣ ክርክር ከሁሉ የተሻለ መከላከያ ነው።

የመጨረሻው ጥንቃቄ ስሙ ነው። ገንዘብ ተቆጥሮ፣ መኪናው ተጭኖ ሄዶ፣ ሊብሬው ግን በሻጩ ስም እንዳለ ከቀረ የሚመጣ ቅጣትም ክስም መጀመሪያ የሚያንኳኳው የደሴውን በር ነው። አዳሹ ሥራውን እስኪጨርስ 2 ወይም 3 ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ «ሲነሳ አዛውረዋለሁ» የሚለውን ቃል ይዞ መጠበቅ አይገባም። ስሙ የሚዛወርበት ቀን በውሉ ይቆረጥ፣ ከክፍያውም የተወሰነው እስከዚያ ቀን ይያዝ፤ ውሉ በተረጋገጠ ዕለትም አንድ ኮፒ መኪናው የተመዘገበበት መንገድ ትራንስፖርት ፋይል ውስጥ ገብቶ የገቢ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይወሰድ።